የሆዴ የስምሪት ቅጽ

ውድ ምራቴ፣

ለመላው የቤተሰባችን አባላት፣ በተለይም ለሥልጠና ከቤት ርቀሽ ለምትገኚው ለአንቺ፣ የሚከተለውን ታላቅ ዜና ሳበስር የሚሰማኝ ኩራት ወደር የለውም። በዛሬው ዕለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ለሦስት ቀናት በጉጉት ሲጠበቅ የቆየው ጉዞ ያለ ግፊት፣ ያለ ጩኸትና ያለ አንዳች የንብረት ጉዳት በሰላም ተጠናቋል። በዚህ ታሪካዊ ሰዓት ከመጸዳጃ ቤቱ በር ውጭ ቆማ የነበረችው የሰባት ዓመት ልጅሽ፣ በሁላችን ላይ በመፍረዷ "ዳኛዋ" ያልናት፣ "አባባ፣ አልጨረስክም? ረፈደብኝ እኮ!" በማለት የደስታ መግለጫዋን አሰምታለች። ባልሽ አስተያየት እንዲሰጥ ቢጠየቅም ቁርስ ላይ መሆኑን ገልጾ ሳይተባበር ቀርቷል።

ሳቂ። ስትጨርሺ ደግሞ ደህና ወንበር ፈልገሽ ተቀመጪ፤ ወሬው ይረዝማል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ የማልለውን ለማለት ነው። በስልክ አንቺ "አባባ፣ እንዴት አደሩ?" ትያለሽ፤ እኔ "አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ሰላም ሆኗል" እላለሁ፤ ትስቂያለሽ፤ ያልቃል። ሐኪም ቤት ከወሰድሽኝ ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ "አመሰግናለሁ" አላልኩሽም። ዶክተሩ ድርቀቴ አንጀቴ ላይ ነው አለ እንጂ ምላሴን ቢመረምር ኖሮ የባሰው እዚያ ነበር።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ። ግማሹን ነው የምታውቂው ግን። ሌላው ግማሽ እኔ ዘንድ ተቆልፎበት ኖሯል።

ባለቤቴ ካረፈች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው የጀመረኝ። ከታች፣ ወደ ግራ፣ አንድ ሰው ውስጤ ገብቶ እርጥብ ጨርቅ የሚጨምቅ ይመስል ነበር። ሦስት፣ አራት ቀን ሳልወጣ እቆያለሁ፤ ሆዴ ከበሮ ይሆናል። በመከራ ስወጣ ጠጠር ነው። ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይለኝና እንደገና ይጀምራል። አርባ ዓመት ቁልፍ ሠሪ ነበርኩ። ቁልፍ የጠፋበትን፣ በር የተዘጋበትን፣ ሞቅ ብሎት ቁልፉን በገዛ በሩ ውስጥ የሰበረውን ሁሉ ከፍቼ አስገብቻለሁ። የራሴ ሲዘጋ ግን መላው ጠፋኝ።

ስለዚህ እንደ ሌባ ሠራሁ። ቶሎ የሚያስቀምጥ ክኒን ከየመድኃኒት ቤቱ እየገዛሁ ያልተቀረጹ ቁልፎች የማኖርበት ሳጥን ውስጥ ደበቅኩ። ቀበቶዬን በገዛ መብሻዬ ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩለት። ማዕድ ላይ ዳቦውን ከሰሐኑ ሥር እሸጉጥ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የመሣሪያ ሣጥኔን ዘርግቼ በእያንዳንዱ ሞረድና ጉጠት ላይ ወረቀት እያሰርኩ የሰው ስም መጻፍ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?" አለኝ ባልሽ።

"ዕቃ እያስተካከልኩ።"

እሱ የዋህ ነው፣ በእናቱ ወጥቶ፤ አመነኝ። አንቺ ግን በሩ ላይ ቆመሽ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስታነቢያቸው አየሁሽ። በማግስቱ "ለጎረቤት ትርፍ ቁልፍ ፈልጌ ነው" ብለሽ የቁልፍ ሳጥኔን ከፈትሽ። ጎረቤታችን ቁልፍ አልጠፋባትም ነበር፤ ኋላ ጠይቄያታለሁ።

"አባባ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ከረሜላ።"

"ስድስት ባዶ ማሸጊያ?"

"ጣፋጭ እወዳለሁ።"

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"ነገ ሥራ አለብኝ።"

"ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመትዎ!"

"ጡረታም ሥራ ነው። እረፍት የሌለው ሥራ።"

ሌላ ምራት ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ ወይ ዘመድ አዝማድ ሰብስባ ታስመክረኝ ነበር። አንቺ ግን የአውቶቡስ ሰው ነሽ። ስምሪት ክፍል ተቀምጠሽ የትኛው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ገባ፣ ለምን ዘገየ ስትዪ የምትውዪ ሰው ነሽ። ማታ ከሥራ ስትመለሺ አንድ እሽግ የስምሪት ቅጽ ይዘሽ መጣሽ። "የአውቶቡስ ቁጥር" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝሽና "ሆድ" ብለሽ ጻፍሽበት። "የመነሻ ሰዓት" እንዳለ ቀረ። "የመንገዱ ሁኔታ" በሚለው ሥር "ደረቅ፣ ለስላሳ" አልሽ። ከጎኑ አዳዲስ ዓምዶች አሠመርሽ፦ የተበላ፣ መነፋት፣ እንቅልፍ፣ ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር። መጨረሻ ላይ ያለውን "የመዘግየት ምክንያት" የሚለውን አልነካሽውም።

"ሹፌሩ ማነው?" አልኩሽ።

"እርስዎ ነዎት።"

"መንጃ ፈቃዴ ጊዜው አልፎበታል።"

"ይሙሉ ብቻ፣ አባባ።"

ሞላሁ። እንዴት እንደሞላሁ ዛሬ ልናዘዝ። ሰባቱን ቀን አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። ሕመሙን ሁሉንም ቀን ሦስት አደረግኩት። አስቤበት ነው። ዜሮ ብል አታምኚኝም፤ ከአምስት በላይ ብጽፍ ሐኪም ቤት ትጎትቺኛለሽ፤ ሦስት ጨዋ ቁጥር ነው። ወረቀቱን ተቀብለሽ አንድ ጊዜ ገለጥ አደረግሽው።

"አባባ፣ ይሄን የሞሉት ዛሬ ነው።"

"ኧረ በየቀኑ ነው!"

"ሰባት ቀን ሙሉ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ አጣጣል? ሰዓቱ ደግሞ ይዩት፤ አንድ ተኩል፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ከሃያ። እውነተኛ ጉዞ ሁለት ከሃያ ላይ አይነሳም፤ ሁለት ከአሥራ ሰባት ላይ ነው የሚነሳው። ሹፌሮቼን የምይዛቸው በድፍን ቁጥር ነው።"

"ሕመሙስ?" አልኩ፣ አንድ ነገር እንኳ ባተርፍ ብዬ።

"ሰባቱንም ቀን ሦስት። እንዲህ ያለ ጨዋ ሕመም አይቼ አላውቅም።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አፈርኩ። ከማፈሬም ይልቅ ተናደድኩ፤ በሕይወቴ ስንት ቁልፍ አስመስዬ ቀርጬ ማንም ሳይለየው፣ በአንድ ወረቀት ተያዝኩ። ከዚያን ቀን ወዲያ በእልህ እውነቱን መጻፍ ጀመርኩ። እልህም ቢሆን እውነት እውነት ነው።

ደግሞም ጣመኝ። "ምክንያት" የሚለው ዓምድ የኔ ጋዜጣ ሆነ። ትዝ ይልሻል? "ምክንያት፦ ልጄ የቀቀለው ሩዝ፤ ለግንባታ ሥራ ሊውል ይችላል።" "ምክንያት፦ ዳኛዋ በር ላይ ቆማ እስከ መቶ ቆጠረች፤ በሰው ቆጠራ የሚነሳ አውቶቡስ የለም።" "ምክንያት፦ የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ቅዝቃዜ፤ አስተዳደሩ ይመልከተው።" እያነበብሽ ኩሽና ውስጥ ብቻሽን ስትስቂ እሰማሽ ነበር። እኔም ሳቅሽን እየሰማሁ ለነገው የምጽፈውን አዘጋጅ ነበር።

እውነቱን መጻፍ ከጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሃያ አንዱንም ቀን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሽው። የሰባት ቁጥር መስመር ለምን እንደሚዘገይ ስትፈልጊ እንዲህ እንደምታደርጊ ነገርሽኝ። እርሳስ ይዘሽ ዞርሽበት። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ እኔ ሳይወጡ በቆዩ ቁጥር ሕመሙ የሚብስ መስሎኝ ነበር። ይኸው ግን፣ እዚህ ጋ አራት ቀን ቆይተው ሕመሙ ሁለት ነው። እዚህ ደግሞ ጠዋት ወጥተው ማታውኑ ስምንት።"

"ሆዴ ዓመለኛ ነው።"

"ሆድዎ የነፋ ቀን ሕመሙ ከፍ ይላል። እንቅልፍ ያጡበት ማግስት ደግሞ የባሰ ነው።" እርሳስሽን አስቀመጥሽ። "አምስት ቀን ስምንት አለ። በአምስቱም ቀን ቀልድ የለም። አምስቱም ላይ የጻፉት አንድ ነው፤ 'ምክንያት፦ ምንም'።"

"እና ምንም ካልነበረ ምን ልበል?"

"እኛ ጋ 'ምክንያት፦ ምንም' ብሎ የሚጽፍ ሹፌር መኪና አጋጭቶ የደበቀ ነው።" ወንበር ስበሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። "ከምን ጋር ነው የተጋጩት፣ አባባ?"

ያን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። ሰው ሁሉ "ምን ሆነሃል?" ነበር የሚለኝ፤ ለሱ መልስ አለኝ፣ "ደህና ነኝ" ማለት ነው። "ከምን ጋር ተጋጨህ?" ላለኝ ግን የተዘጋጀ ውሸት አልነበረኝም።

ነገርኩሽ። መስኮቱን እያየሁ ነው የነገርኩሽ፣ ዓይንሽን አላየሁም። በነዚያ አምስት ቀናት አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ ሆዴን በጣቶቼ ስጫን ነበር ያደርኩት፤ እብጠት ስፈልግ። ስጫነው ያመኛል፤ ሲያመኝ አገኘሁት እላለሁ፤ እንደገና እጫናለሁ። ባለቤቴም የጀመራት እንዲሁ ነበርና። "ሆዴን ነፋኝ" አለች። ከዚያ ቀበቶዋን ላላ አደረገች። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም" ትለኛለች። ስድስት ወር ሙሉ "ምንም"። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ካንሰሩ አንጀቷን አልፎ ሄዶ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ደበቀች፣ እኔ ደግሞ አልፈለግኩም። የማንንም በር ስከፍት የኖርኩ ሰውዬ፣ ያቺን አንዲት ቃል ለመክፈት አልሞከርኩም። ከዚያ የኔም ተራ መጣ ብዬ አመንኩ። ካልተነገረኝ የለም፣ ከተነገረኝ ግን ያው እንደሷ ነው፤ ስለዚህ አልሄድም፤ ዕቃዬን አከፋፍዬ እጠብቃለሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴም እንዳልኩት ፈጀው፤ እኔን ራሴን።

ስጨርስ "አይዞዎት" አላልሽኝም። ያኔ ብትዪኝ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር።

"የነገ ፈረቃዬን ለሰው ሰጥቻለሁ" አልሽ።

"መቼ?"

"ወረቀቶቹን ከመዘርጋቴ በፊት።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን አብረን አይተነዋል። ዶክተሩ ጎረምሳ ነበር፤ ጢሙ ገና ሐሳቡን አልወሰነም። "አባቴ፣ በእርስዎ ዕድሜ የጀመረ ሕመም ውስጡ ሳይታይ ስም አይሰጠውም" ብሎ ደሜን ወሰደ፣ ለካሜራ ምርመራ ቀጠረኝ። የምርመራው ዋዜማ የሰጡኝ አንጀት ማጠቢያ ባልዲ ሙሉ ነበር። የዚያን ቀን ቅጹ አልበቃኝም። "አውቶቡሶቹ ተከታትለው ወጡ፤ መናኸሪያው ባዶ ቀረ፤ ጥበቃውም አብሮ ሳይሄድ አልቀረም" ብዬ ነው የዘጋሁት።

ውጤቱን ለመስማት ብቻዬን ልግባ ያልኩሽ ኮርቼ እንዳይመስልሽ። ፊትሽን ሳየው መስማት አልፈለግኩም።

"አንጀትዎ ንጹሕ ነው" አለኝ። "እብጠት የለም። ቁስለት የለም። ደምዎም ደህና ነው።"

አንድ ሰው እግሬን ከመሬት ያነሳው መሰለኝ። ከዚያ ግን ተናደድኩ፤ ታውቂኛለሽ። "እና ሕመሙን ከየት አመጣሁት? ከጭንቅላቴ ፈጠርኩት?"

"የለም፣ አባቴ። ሕመምዎ እውነተኛ ነው። ይሄ የአንጀት መቆጣት የምንለው ነው፤ ድርቀት የሚበዛበት ዓይነት። አንጀትዎ አልተበላሸም፤ ስሜቱ ነው የበዛው። ድርቀቱ ድርሻ አለው፣ ብቻውን ግን አይደለም። መነፋት አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ጭንቀትና ኀዘን አሉ። እነሱ ሕመሙን ያብሱታል፤ ሕመሙ ደግሞ በተራው ያስጨንቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የትኛው ቀድሞ እንደጀመረ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። ከሰው ሰውም ይለያያል።"

ይሄ ገባኝ። እንዲህ ያለ ቁልፍ አውቃለሁ። አልተሰበረም፣ አልዛገም፤ ውስጡ ያለችው ስፕሪንግ ስስ ሆና ትንሽ ስትነካ ትቆጣለች። ባለቤቱ ደግሞ ጠበቀብኝ ብሎ በኃይል ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ ነው የሚሰበረው። ክኒኖቼ በኃይል ማዞር ነበሩ። ዶክተሩ እነሱን አስተወኝና በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት አዘዘልኝ፤ ቀስ እያልኩ አሰር ያለው ምግብ እንድጨምር፣ ውኃ እንድጠጣ፣ በእግሬ እንድሄድ፣ በሰዓቱ እንድተኛ፣ መጸዳጃ ቤት ስቀመጥ እግሬን በርጩማ ላይ ከፍ እንዳደርግ ነገረኝ። "ሆድዎንም መጫን ይተዉ" አለ።

ከዚያ ቅጾቹን አነሳና አንድ በአንድ አገላበጣቸው። ሩዙ ጋ ሲደርስ ሳቀ። "ይሄን ማነው ያዘጋጀልዎት?"

"ምራቴ።"

"ሐኪም ናት?"

"የአውቶቡስ ሰው ናት። እርስዎንም ሳትመዘግብዎት አትቀርም፤ አሥራ ሦስት ደቂቃ ዘግይተዋል።"

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመሻል። "የለም" አልኩሽ። "ምኑ?" አልሽ። "የፈራሁት።" ዞር አልሽና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርሽ። አምስት መስመር ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። በጣም ረጅም ጊዜ አነበብሽው። ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ እኔም ከጎንሽ ቆሜ የሕፃናት ክትባት መቼ መቼ እንደሆነ አጠናሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጥሽ። "አመሰግናለሁ" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ግን "የአውቶቡሳችሁ ወንበር ይቆረቁራል" አልኩሽ። አንቺም "እመዘግበዋለሁ" አልሽ።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ልጄ የመጀመሪያ ቀን ቤታችን ይዞሽ የመጣ ጊዜ፣ ከሄዳችሁ በኋላ ለባለቤቴ "አውቶቡስ የምትቆጥር ሴት አመጣልን፤ ምን ልናደርጋት ነው?" ብዬ ቀለድኩ። እሷ የሻይ ብርጭቆዎቹን እያነሳች ምን አለች መሰለሽ? "ግድ የለህም፣ አንድ ቀን አንተን ትቆጥርሃለች።" ቆጠርሽኝ። ሃያ አንድ ቀን አስቀምጠሽ ቆጠርሽኝ፣ የጎደለውንም አገኘሽው። ልጄ ሆይ፣ አመሰግንሻለሁ። ለእሷም ጭምር ነው የማመሰግንሽ፤ ለእሷ ማንም ቅጽ አላሠመረላትም።

አሁን ደህና ነኝ ስልሽ ድኜ አይደለም። ሕመሙ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፣ አንዳንዴ ሦስት፤ ያለፈው ሳምንት ባልሽ ስልኩን ዘግቶ አምሽቶ አምስት ደረሰ፤ እሱ በሩን ሲከፍት ወደ ሦስት ወረደ። ሲመጣ ግን አላሳድደውም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አውጥቼ ቁልፍ መቅረጽ ጀምሬያለሁ። መሣሪያዎቼ ላይ ያሰርኳቸውን ወረቀቶች ሁሉ ፈትቻለሁ፤ ባልሽ ጉጠቱን ስለነፈግኩት ተቀይሟል። አንዲት ወረቀት ብቻ አልፈታሁም፤ ትንሿ ሞረዴ ላይ ያለችውን፣ ያንቺ ስም የተጻፈባትን። ጊዜዋ ሲደርስ ትወስጃታለሽ። ለጊዜው እየሠራሁባት ስለሆነ በትዕግሥት ጠብቂ።

እንግዲህ ወረቀቱ እያለቀ ነው፤ አንድ ነገር ቀረኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከራሴ የፈጠርኩት አንድ ነገር አለ። አንቺ ግን ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ነቅተሽብኝ ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ድፍን ቁጥር! አዎ፣ ዛሬ ጠዋት የተነሳ አውቶቡስ የለም። ዳኛዋ በሩን መደብደቧ እውነት ነው፤ እኔ ግን ባዶ እጄን ነው የወጣሁት። በደስታ ልጀምርልሽ ብዬ ነው። ከዚያ ስጽፍ ስጽፍ፣ አንቺን እያመሰገንኩ በአሮጌው ዘዴ ልሸኝሽ አፈርኩ። ትክክለኛው የዛሬው ቅጽ ይኸው፦

መነሻ፦ የለም፤ ሦስተኛ ቀን። ዱቄቱን ጠጥቻለሁ። መነፋት፦ መካከለኛ። እንቅልፍ፦ አራት ሰዓት ብቻ። ሕመም፦ አራት። ሆዴን አልተጫንኩም።

ምክንያት፦ ነገ ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት ይሞላታል። አንቺም ቤት የለሽም።

አማትሽ፣ ሹፌሩ
ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት